የአጣና አጥር ለመቀባት፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሻላል ወይስ ቫርኒሽ?

ሱሉልታም ሰንዳፋም ቦታ ያጠረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

ዋጋ፦ ዘይቱ ከጋራዥ በጄሪካን በርካሽ ይገኛል። ቫርኒሽ ለረጅም አጥር ኪስ ያራቁታል።

አቀባብ፦ ዘይቱን በአሮጌ ብሩሽ ለቅለቅ ነው። ቫርኒሽ ግን ቅርፊቱ የተላጠና በደንብ የደረቀ እንጨት ይፈልጋል፣ እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ ከቀባኸው ይላጣል፣ ፀሐዩም ስለሚሰነጣጥቀው በየጊዜው ብርጭቆ ወረቀት መትቶ መድገም አለ።

ጉዳት፦ ዘይቱ ይሸታል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ከሞተር የመጣ ብረታ ብረት ስላለበት ጎመን የተከልክበት ጋ ባታስጠጋው፣ ደሞ አንዴ ከጠጣ በላዩ ቀለም አይዝም።

ምስጡ ግን በየትኛውም ብትቀባ የሚገባው አፈር ውስጥ ባለው እግሩ በኩል ነው (ሰው የሚቀባው የሚታየውን ብቻ!)።

ለጓሮና ለጊዜያዊ አጥር ዘይቱ ይበቃል፣ መንገድ ዳር ላለ የተላገ ጣውላ የውጪ ቫርኒሽ፣ ሁለቱንም ሰኔ ሳይገባ።