አርሲንክ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ጅምር ፋይልን ያለቀ አያስመስልም

ትልልቅ የቪዲዮና የመጠባበቂያ ፋይሎችን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የማሻግረው በአርሲንክ (rsync) ከሆነ ወራት አለፉ። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ብዙዎች በፍጥነቱ ያወድሱታል፤ እኔ ግን ከምንም በላይ የወደድኩለት ጅምር ፋይልን ያለቀ አለማስመሰሉን ነው።

በተራ ኮፒ መስመሩ መሐል ላይ ቢበጠስ፣ ስሙ ሙሉ ይዘቱ ጎደሎ የሆነ ፋይል ተቀባዩ ጋ ሊቀር ይችላል። ጉድለቱ የሚታወቀው ፋይሉ ሲፈለግ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዋናው ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። አርሲንክ የሚመጣውን ዳታ በነጥብ በሚጀምር ድብቅ ስም ይጽፋል፤ ሁሉም ደርሶ ቼክሰሙ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ሲገጥም ብቻ ትክክለኛውን ስም ይሰጠዋል። እስከዚያ የቀድሞው ፋይል አይነካም።

ችግሩ፣ ከትዕዛዙ ጋር የሚጻፍ አማራጭ ካልሰጣችሁት ሲቋረጥ ያንን ጅምር ይሰርዘዋል። ብዙ ሰው «ፓርሻል» (--partial) የሚባለውን አማራጭ ተጠቀሙ ይላል፤ እሱ ግን ጅምሩን በዋናው ስም ስለሚያስቀር አልመክረውም። «ፓርሻል-ዲር» (--partial-dir) ይሻላል፦ ጅምሩ በተለየ ፎልደር ይቆይና ለቀጣዩ ሙከራ መነሻ ይሆናል።

ዳታ ሳይመጣ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ የሚወስነውን «ታይምአውት» (--timeout)ንም አትርሱ። ካልተሞላ መጠበቂያው ገደብ የለውም፤ መስመሩ ዝም ካለ ፕሮግራሙም ተገትሮ ሊያድር ይችላል። እኔ 60 ሰከንድ ሰጥቼ፣ ዜሮ ኮድ (ያለ ስህተት ጨርሻለሁ ማለት ነው) እስኪመልስ ደጋግሞ በሚያስነሳ አጭር ስክሪፕት (የትዕዛዞች ፋይል) ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ዋይፋይ ሲጠፋ ምን ያህል እንደተላከ የሚያሳየው ቁጥር ይቆማል፣ የስህተት ኮድ 30 ይወጣል፣ ስክሪፕቱ እንደገና ይጀምራል። ተቀባዩ ያለውን እያነበበ ለጥቂት ጊዜ ፀጥ ይላል፤ ከዚያ ቁጥሩ እየሮጠ የተቋረጠበት ደርሶ ወደ መስመሩ ፍጥነት ይመለሳል። ይህን ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል።

የማይመቸኝም አለ። ምንጩ ፎልደር መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ስላሽ (/) ውጤቱን ትለውጣለች፦ ካለች ይዘቱ ብቻ፣ ከሌለች ፎልደሩ ራሱ ይሄዳል። ምንጩ ላይ የሌለውን ከተቀባዩ የሚሰርዘውን «ዲሊት» (--delete) ከመጠቀማችሁ በፊት፣ ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ብቻ የሚያሳየውን «ድራይ-ረን» (--dry-run) አስቀድሙ።

ዲስክም ይፈልጋል፤ የተለወጠ ፋይል ሲላክ አዲሱ እስኪያልቅ አሮጌውም ቦታ ይይዛል። «ኢንፕሌስ» (--inplace) የሚባለው አማራጭ ቦታውን ይቆጥባል፣ ነገር ግን አሮጌው ላይ በቀጥታ ስለሚጽፍ ያ ሁሉ ጥበቃ ይቀራል። እኔ ዲስኩን በትልቅ ቀይሬዋለሁ።