ኦክሲቴትራሳይክሊን 20% ዱቄት፦ ለሚያስነጥስ ዶሮ ደህና፣ ለፈንግል ከንቱ

እንስሳት መድኃኒት ቤት ገብቶ «ዶሮዎቼን ጉንፋን ያዛቸው» ላለ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣለት ይህ ባለ 100 ግራም ቢጫ ዱቄት ነው። የሰው ቴትራሳይክሊን እንክብል ሰብሮ ውሃ ላይ ከመበተን እጅግ ይሻላል፤ ቢያንስ መጠኑ ይታወቃል።

በቦታው ከዋለ ይሠራል። ማይኮፕላዝማ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣውን፣ ዓይን አረፋ የሚያስደፍቀውንና ዶሮዋን ስትተነፍስ የሚያንኮራፋትን በሽታ ያበርዳል። ፊት የሚያሳብጠውንና ከአፍንጫ የሚገማ ፈሳሽ የሚያወርደውን ኮራይዛም እንዲሁ። ፈንግል ግን ቫይረስ ስለሆነ ዱቄቱ አይነካውም። አረንጓዴ ቅዝን፣ የአንገት መጣመምና የተከታተለ ሞት ከታየ ገንዘብን እዚህ ላይ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ፣ ከግቢው ዶሮ ወደ ገበያ አይውጣ። ለፈንግል መላው ቢሾፍቱ የሚመረቱት የኤችቢ1 እና የላሶታ ክትባቶች ናቸው፤ እነሱም ቀድመው ሲሰጡ።

የ20% ዱቄት የተለመደ መጠን በሊትር ውሃ 1 ግራም ነው፤ ይህም 200 ሚሊግራም መድኃኒት ማለት ነው። ሌላ ፐርሰንት የተጻፈበት ማሸጊያ ከገዙ ስሌቱ ስለሚለወጥ ጽሑፉን ያንብቡ። 10 እንቁላል ጣዮች በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ስለሚጠጡ 2 ግራም ተኩል ይበቃቸዋል። የሻይ ማንኪያ አይታመንም። የቤት ሚዛን ደግሞ ይህን ያህል ትንሽ ነገር በትክክል አያነብም፤ ስለዚህ 5 ግራም መዝኖ በግማሽ ሊትር ውሃ መበጥበጥ፣ ግማሹን 2 ሊትር ከሩብ ንጹሕ ውሃ ላይ መጨመር፣ የቀረውን መድፋት። ሌላ የሚጠጡት ውሃ ግቢው ውስጥ መኖር የለበትም። ብጥብጡ በየቀኑ ይታደስ፣ መጠጫው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይጠቁራል፣ ኃይሉም ይወርዳል። ሕክምናው ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ማስነጠሱ ጋብ አለ ብሎ ማቆም በሽታውን መልሶ ይጠራል።

ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚለው በካልሲየም ምክንያት ነው። ካልሲየም መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ በሕክምናው ቀናት ለብቻው የሚቀርበው ኖራ ድንጋይና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይነሳ፤ የጉድጓዱ ውሃ ማሰሮ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነም የዝናብ ውሃ ይሻላል። ሁለተኛው ምክንያት ክፉኛ የታመመችው ዶሮ ውሃ አለመጠጣቷ ነው፤ እሷ ተለይታ ብጥብጡን በመርፌ ቱቦ፣ ያለ መርፌው፣ በምንቃሯ ጎን ጠብ ጠብ እያደረጉ ይስጧት። የቤቱ ጉዝጓዝ ረጥቦ የሽንት ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ የትኛውም መድኃኒት ብቻውን አያድንም።

ትልቁ ጉድለቱ ማሸጊያው ነው። 10 ዶሮ ላለው ሰው ሙሉው ሕክምና፣ የሚደፋው ተጨምሮም፣ ከ35 ግራም አይበልጥም፤ የተረፈው ዱቄት ተከፍቶ ሲቀመጥ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። የተጓጎለ ዱቄት አይመዘን፤ ይጣል። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል።

ማይኮፕላዝማ መሆኑ ከተረጋገጠ ታይሎሲን የተሻለ ምርጫ ነው፤ መጠኑም በሊትር 0.5 ግራም ንጹሕ መድኃኒት ነው። አሞክሲሲሊን ከቀረበልዎ አይቀበሉ፦ ይህ መድኃኒት የሚያጠቃው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፣ ማይኮፕላዝማ ደግሞ ግድግዳ የለውም። ደግሞም የትኛውም ቢሰጥ ያገገመችው ዶሮ ተሸካሚ ሆና ትቀራለች፤ በእንቁላሏም ለጫጩት ታስተላልፋለች፣ ስለዚህ ለማስፈልፈያ አትሆንም። ለመብል የሚሆነው እንቁላልና ሥጋ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን እስኪያልፍ አይበላም፣ አይሸጥም። ቀኑ ያልተጻፈበት ማሸጊያ ከሆነ አይግዙት።