ባለ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ለግራኝ ሰው፦ ሩገር ነው ሄንሪ?

ባለቤቴ የሁለቱን ዋጋ ከሰማች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ስንት ጥይት ይጎርሳሉ?»

«አንድ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ቡናዋን ቀድታ ወደ ሳሎን ሄደች። አልፈርድባትም። ክላሽ ሠላሳ በሚጎርስበት ዘመን አንድ ብቻ ለሚጎርስ ጠመንጃ ከሺህ ዶላር በላይ አወጣለሁ የሚል ባል ለማንም ግራ ነው።

ምክንያቱ ግን ግራ እጄ ነው። ልጅ ሆኜ አስተማሪው በማስመሪያ ጣቴን እየመታ እርሳሱን ወደ ቀኝ አዞረው፤ ትከሻዬን ግን ያዞረው የለም። ሰደፍ የማስደግፈው እስከ ዛሬ በግራ ነው። ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት የአደን ጠመንጃዎች አብዛኞቹ መቀርቀሪያቸው በቀኝ በኩል ስለሆነ ግራኝ ሰው በተኮሰ ቁጥር እጁን በጠመንጃው ላይ አሻግሮ መጎተት አለበት። ለግራኝ ተብሎ የሚሠራም አለ፤ ሲፈልጉት ግን አይገኝም። ባለ አንድ ጎራሽ ይህ ጣጣ የለበትም። ሩገር ነምበር ዋን ከሥር ባለው እጀታ ይከፈታል፣ መጠበቂያውም ከሰደፉ አንገት ላይ አውራ ጣት በሚያርፍበት መሀል ነው። ሄንሪው ደግሞ ከመዶሻው አጠገብ ያለችውን ምላስ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ብትገፋት ይታጠፍልሃል። ሁለቱም እንደ እኔ ላለ ሰው የታሰበላቸው ይመስላሉ።

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ፍለጋ ወደ ምዕራብ እንወርዳለን። በአይ-70 ተጉዘን ራይፍል የምትባል ከተማ ስንደርስ (አዎ፣ ስሟ ጠመንጃ ነው) ወደ ሰሜን ታጥፈን ሚከር አካባቢ እናድራለን። የምናድነው ነጫጭ ግንድ ባላቸው ዛፎች ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ስለሆነ ከ100 ያርድ በላይ የተኮስኩበትን ቀን አላስታውስም። እዚያ ውስጥ ረጅም በርሜል ቅርንጫፍ ይሰበስባል። ባለ አንድ ጎራሽ ካዝናና መቀርቀሪያ የሚወስዱት ቦታ ስለሌለው በርሜሉ 22 ኢንች ሆኖም ጠመንጃው አጭር ነው።

ጥይቱ 45-70 ነው። ለማያውቀው፦ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው የባሩድ ዘመን ጥይት ሲሆን፣ 45 የካሊበሩ (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት በኢንች መቶኛ)፣ 70 ደግሞ በጊዜው ይሞላ የነበረው ጥቁር ባሩድ በግሬን ነው። የተለመደው እርሳስ 405 ግሬን፣ ወደ 26 ግራም ይመዝናል። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም ገደማ መሆኑን አስቡት። እኔ ይህን ጥይት ሳየው የሚመጣብኝ ጉንደት ነው። አሜሪካኖች ይህን በተቀበሉ በሁለት ዓመቱ አፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ ሲያሸንፉ የተማረከው ረሚንግተን እንዲሁ ባለ አንድ ጎራሽ፣ ከባድ እርሳስ ተፊ ነበር። ከዚያ በፊትም እንግሊዞች መቅደላ የወጡት ስናድር ይዘው ነው፤ እሱም አንድ ጎራሽ። የእኛ ሰው «ጥይት አታባክን» የሚለው ምክር ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል፤ ማስረጃ ግን አትጠይቁኝ።

ቀርፋፋ ጥይት ነው። በ100 ያርድ ያስተካከልከው 405 ግሬን 200 ያርድ ላይ ሲደርስ ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዶ ታገኘዋለህ። ሜዳ ላይ ለሚያድን ሰው አልመክረውም። በጫካ ቅርበት ግን የሚያስቆመው እንስሳ አላየሁም። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 24 ካሊበር፣ 85 ግሬን እርሳስና 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ነው፤ ይኼኛው ሁሉንም ያልፋል። ዋጋውን የሚያስከፍለው ትከሻህን ነው።

ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ ለመተኮስ የቻልኩት በዕድል ነው። ሄንሪው የአክስቴ ልጅ ንብረት ነው፤ ልጁ 28 ዓመቱ ነው፣ አዲስ ገዝቶት ገና ዘይቱ አልደረቀም። ሩገሩ የሥራ ባልደረባዬ ንብረት ነው፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ አውቶቡስ ነጂ፣ ትከሻውን ቀዶ ጥገና ስላደረገ ሊሸጠው ፈልጓል። የቀረበልኝ ምርጫ እንግዲህ እንደ አክስቴ ልጅ 600 ዶላር ባልሞላ ዋጋ አዲስ ሄንሪ መግዛት ወይም ለባልደረባዬ 1,300 ዶላር መቁጠር ነበር።

ሄንሪው በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ናስ ነው፤ እንደ በዓል በቅሎ ዕቃ የሚያብለጨልጭ፣ ያየው ሁሉ የሚዳስሰው። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ያነሳሁት እሱን ነበር። ገልብጬ ሰደፉን ሳየው ግን ትከሻ የሚነካውም ጠፍጣፋ ናስ ነው። ከ45-70 ጀርባ ናስ! ለግድግዳ ይሁን። የአክስቴ ልጅ የገዛው ጥቁሩን፣ ብረቱን ነው፤ እሱ ሰደፉ ላይ ላስቲክ አለው። እንደ ከዘራ ቀላል ነው፣ ለዋጋው አሠራሩ ንጹሕ ነው፣ እንጨቱም ደህና ዋልነት ነው። የፊት ማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ የናስ ጠብታ አለች፣ የኋላውም ይታጠፋል። እንደ ወጣት ዓይን ቢኖረኝ እዚህ ላይ ጽሑፉ ያልቅ ነበር።

ሩገር ነምበር ዋን ሌላ ነገር ነው። ዊልያም ሩገር እ.ኤ.አ. በ1967 ሲያወጣው ሐሳቡን የወሰደው ጆን ፋርኳርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1872 ካስመዘገበው አሠራር ነው። እጀታውን ወደ ታች ስትስበው ወፍራም የብረት ጡብ በቁሙ ይወርድና የበርሜሉን ቂጥ ይከፍታል፤ ስትመልሰው ጡቡ ተነሥቶ ይዘጋል። ድምፁ እንደ ጥሩ ቁም ሣጥን በር ነው። በጥንካሬ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ጥይት በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት መጽሐፍ ለ45-70 ሦስት እርከን ይለያል፣ ከፍተኛው እርከን በዚሁ ጠመንጃ ስም ነው የሚጠራው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ገዢ የሚሳሳት ይመስለኛል። ያን ከፍተኛ እርከን ትከሻው ችሎ በልምምድ ሃያ ጊዜ የሚተኩስ ሰው ስንት ነው? እኔ አይደለሁም። ለሄንሪውም ሆነ ለሩገሩ የማጎርሰው ያው መደበኛውን 405 ግሬን ነው። ስለዚህ «ሩገር ይጠነክራል» የሚለው ክርክር እኔ ዘንድ ሚዛን አልደፋም፤ ለማልጠቀምበት ጥንካሬ 700 ዶላር አልጨምርም።

ሚዛን የደፋው ተኩሱ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ፤ ይህ የመጀመሪያ ስሕተቴ ነበር። ቆመህ ስትተኩስ ወገብህ ወደ ኋላ ይሰጣል። ተቀምጠህ ደረትህን ከጠረጴዛ ካጣበቅህ ግን ምቱን ሁሉ የሚቀበለው ትከሻህ ብቻ ነው። በሄንሪው አራተኛው ላይ ዓይኔን መጨፈን ጀመርኩ። ራሴ አላወቅሁትም፤ የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ክርክር ገጠምን። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለሁሉም እመክራለሁ፦ ጠመንጃውን ዞር ብሎ እሱ ያጎርሰዋል፣ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ የተተኮሰ ቀለህ፣ እኔ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ቀለህ በነበረበት ጊዜ ምላጩን ስስብ አፈሙዙ ወደ ታች እንደ ዶሮ ለቀመ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ትንሽ ነው የሳቅሁት። ባለ አንድ ጎራሽ እንዲህ ላለው ትምህርት የተፈጠረ ነው።

ሻይ ጠጥተን፣ ከጠረጴዛው ተነሥቼ ቆሜ በሩገሩ ያንኑ ጥይት ተኮስኩ። ምቱ አለ፣ አይካድም፤ ግን ግፊያ ነው እንጂ ጥፊ አይደለም። ቤት ስንመለስ መዘንናቸው። ሩገሩ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 3.8 ኪሎ፣ ሄንሪው ያለ መነጽር 3.2። ጥይቱ አንድ ከሆነ ቀላሉ ጠመንጃ የሚመልሰው ጉልበት በክብደቱ ልክ ይበልጣል፤ እዚህ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል ማለት ነው። የቀረው የሰደፉ ቅርጽና የመቆሜ ነገር ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሄንሪውንም ቆሜ ብጀምረው ኖሮ እንዲህ ባላማሁት።

«እንግዲያው ሄንሪው ላይም መነጽር ግጠምና ክብደቱን አስተካክል» ትሉኝ ይሆናል። የ54 ዓመት ዓይን ነው ያለኝ፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ ሳይ የፊቱ ይጠፋል፣ የፊቱን ሳይ ኤልኩ ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ መነጽር ግዴታዬ ነው። ሄንሪው ደግሞ መዶሻ አለው። መነጽር ከላይ ሲቀመጥበት መዶሻውን የምትቀስርበት ቦታ ይጠባል፤ ወደ ጎን የምትወጣ ትንሽ መቀጠያ መግጠም አለብህ። በሐምሌ ሱቅ ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። በጥቅምት መጨረሻ፣ በረዶ ውስጥ፣ ወፍራም ጓንት አድርገህ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መቀሰሩ እንኳ ይቅር፤ ኤልኳ ሳትመች ቀርታ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ መዶሻ በደነዘዘ አውራ ጣት ቀስ አድርጎ መመለስ አለ። ያን ማድረግ አልፈልግም። የሩገሩን መጠበቂያ ወደ ኋላ መሳብ ብቻ በቂ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠብቀው ያገኘሁት። የሩገሩ መነጽር የሚቀመጠው በርሜሉ ላይ ባለች የብረት ጠርዝ ላይ ስለሆነ ወደ ፊት የራቀ ነው። በሌላ ካሊበር ሰዎች አንገታቸውን እስኪያስግጉ ድረስ ያማርሩበታል። በዚህ ካሊበር ግን በረከት ነው፤ መነጽሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ቅንድብህ ጋ አይደርስም። እኔ ከዓመታት በፊት በሌላ ጠመንጃ፣ መነጽሩን በራሴ እጅ አቅርቤ ገጥሜ፣ ከቅንድቤ በላይ የጨረቃ ቅርጽ ምልክት አትርፌያለሁ። በዓይናችሁና በመነጽሩ መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ይኑራችሁ።

ሩገሩን የማማበትም አለኝ። የፊት እንጨቱን የት እንደምታስደግፍ ይቆጥርብሃል፤ ማስደገፊያ ከረጢቱን ወደ ጫፉ ስትገፋው ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። እጄን ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ወደ እጀታው ቀረብ አድርጌ መያዝ ተለማመድኩ። ቀለሁንም ስትከፍተው ወደ ኋላ ያፈናጥረዋል። ሄንሪው ግን ቀለሁን ከፍ አድርጎ ብቻ ይሰጥሃል፣ አንተ በጣትህ ታወጣዋለህ። ጥይቱን ቤት መልሶ የሚሞላ ሰው ሄንሪውን ይወድለታል፤ ሣር ውስጥ ቀለህ ሲፈልግ አይውልም። ቂጡ ከንፈር ያለው ጥይት ስለሆነ በሁለቱም ተሰንቅሮ የቀረብኝ የለም።

ለባልደረባዬ 1,300 ዶላሩን ከፈልኩ። ኮሎራዶ ውስጥ ከጓደኛም ብትገዛ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማጣሪያ አልፈህ፣ ሦስት ቀን ጠብቀህ ነው የምትረከበው፤ ለአደን መውጫው ዋዜማ አትግዙ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አሥር አሥር ብቻ እየተኮስኩ ሁለት ወር ተለማመድኩ። ከአሥር በላይ ጥቅም የለውም፤ ትከሻ ሲፈራ የሚማረው መጥፎ ነገር ነው።

በጥቅምት፣ በአደኑ ሁለተኛ ጠዋት አንዲት ሴት ኤልክ 70 ያርድ ላይ ወጣች። መጠበቂያውን ገፋሁ፣ ተኮስኩ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ወደቀች። ሮጬ ደርሼ በስመ አብ ብዬ ባረክሁ። ሰኮናዋ የተሰነጠቀ፣ የምታመሰኳ ናት፤ በዚህ በኩል ቤት ውስጥ ክርክር የለብንም። ክርክሩ የቀን ነው፤ ባለቤቴ ጽጌን ስለምትጾም ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ እስከ ኅዳር 6 ቆየ፣ የነቢያት ጾም በ15 ስለሚገባ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀነሱ ለጥብሱ የቀረችን ዘጠኝ ቀን ነበረች።

የአክስቴ ልጅ ሄንሪውን አልለወጠም፤ መነጽርም አልገጠመበትም፣ በዚያው ሳምንት በ40 ያርድ የራሱን ጣለ። ጥይት የምንገዛው አሁን አብረን ነው። አንዱ ፓኬት ሃያ ነው፣ አሥሩን እሱ፣ አሥሩን እኔ።