ፀሐይ ፊታችሁን ለሚያስቆጣባችሁ፦ ጃንጥላ ወይስ ሰንስክሪን?

«ምን ተቀብተሽ ነው ሽፍታው የለቀቀሽ?»

ከመስከረም ወዲህ ይህን ስንቴ እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሥራ ቦታ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዴ ደግሞ ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ ሆኜ። መልሴ ሰው ያናድዳል። ጃንጥላ ነው። ጥቁር፣ ረጅም፣ በ850 ብር የተገዛ ጃንጥላ።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ ስትመጣ ግማሽ ሰዓት ውጭ ከቆየሁ፣ ማታውኑ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ደቃቅ ሽፍታ ይወጣል። ያሳክካል፣ ይለበልባል፣ በሳምንቱ ይጠፋል። እንደገና ፀሐይ ላይ ስቆም ይመለሳል። የቆዳ ሐኪሟ «የፀሐይ አለርጂ የምንለው ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን ማንም ልብ አይለውም።

ሐኪም ጋ ከመድረሴ በፊት ያባከንኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ስም የሌላት ክሬም በትንሽ ነጭ ዕቃ ገዛሁ፤ 350 ብር። «ቅልቅል ናት፣ በ3 ቀን ታጠፋልሻለች» አሉኝ። እውነትም አጠፋችው! ፊቴ የሕፃን ፊት መሰለ። ደስ ብሎኝ ሁለተኛ ደገምኩ። ሳቆም ግን ሽፍታው ከነብጉሩ፣ ከነመቅላቱ ተመለሰ። ሐኪሟ ታሪኩን ስትሰማ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ሳይኖርባት አይቀርም አለች። ጠንካራ ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲከርም ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያመጣል፣ ሲቆም ደግሞ ያገረሻል። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል የስቴሮይድ ቱቦ ጎረቤት ስለመከራችሁ ብቻ ፊታችሁን አታስነኩት። ሐኪም ለጥቂት ቀን ቢያዝ ሌላ ነገር ነው። የእኔዋ የ350 ብር ዕቃ ከነሕክምናው ከ4,000 ብር በላይ በልታኛለች።

ቀጥሎ ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያው ቅባት። ፋርማሲ 2,600 ብር ያሉኝን ሱቅ 900 ብር አገኘሁት። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ስጨምቀው መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቅባት ወጣ። ካርቶኑ ላይ ያለው የባች (የምርት ዙር) ቁጥርና ቱቦው ጫፍ ላይ የታተመው አይገናኙም። አንዱ ቃል እንኳ ፊደሉ ተሳስቷል። እሱን ተቀብቼ ግማሽ ቀን ሰርግ ላይ ቆምኩ፤ ውጤቱን ፎቶዎቹ ይመሰክራሉ። ስለዚህ ካርቶኑን ሳትከፍቱና ቁጥሮቹን ሳታመሳክሩ ብር አትክፈሉ።

ትክክለኛው አይሠራም አልልም። ይሠራል። ችግሩ ሒሳቡ ነው። ፊትና አንገት በደንብ እንዲሸፈን በሁለት ጣት ርዝመት ልክ መጨመቅ አለበት፤ እኔ ስለካው 1.25 ሚሊ ሊትር ገደማ መጣ። የፋርማሲው ባለ 2,600 ብር፣ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ለ40 ቀን ማለት ነው፤ በቀን 65 ብር። ውጭ ከሆናችሁ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። አንዴ ብቻ ብትደግሙት እንኳ 130 ብር፣ በወር 3,900። ለመቆጠብ ብላችሁ አሳስታችሁ ከተቀባችሁት ደግሞ የጻፈውን ያህል አይከላከልም።

ሰንስክሪኖቹ ላይ ከSPF ቀጥሎ 50 እና 30 የሚሉትንም አያችሁ? በትክክል ከተቀባችሁት 30ው የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ገደማ ያስቀራል፣ 50ው 98። እኔ ባየሁበት ፋርማሲ ልዩነቱ 700 ብር ነበር። ለ1 በመቶ! ቁጥሩ በዋነኝነት ስለሚያቃጥለው ጨረር ነው የሚናገረው። እንደ እኔ ያለውን ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው ዩቪኤ (UVA) የሚባለው ሌላው የፀሐይ ጨረር ነው። ስለዚህ ክብ ውስጥ UVA ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጉ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ሰንስክሪን ብዙ ጊዜ ቆዳ አያስቆጣም፤ ግን ጠይም ፊት ላይ አመድ ይመስላል። ቀለም ያለው ይሻላል፣ ማድያት ላለበትም ይጠቅማል።

ወደ ጃንጥላዬ። ሲገዛ ሱቁ በር ላይ ዘርጉትና ወደ ፀሐይ ቀና በሉ። ብርሃን እንደ ወንፊት ካሳለፈ ተዉት። ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ አብዛኛውን ጨረር ያስቀራል። ታጣፊዎቹን እርሷቸው። ሁለት ገዝቻለሁ፣ አንዱ 450 ብር፣ ሁለቱም በንፋስ መታጠፊያቸው ላይ ተሰበሩ፤ ጠጋኙም አይቶ ሳቀ። ረጅሙ ሽቦው ሲወልቅ ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ በ80 ብር አሰረልኝ። 930 ብር ለሁለት ዓመት። በቀን 1 ብር ከ27 ሳንቲም። (ነጠላ መከናነብስ ለምትሉኝ፦ ስስ ነው፣ ያሳልፋል። ጋቢ ይሻላል፣ ግን በቀትር ማን ይችለዋል?)

ጃንጥላ ከመሬትና ከግድግዳ የሚያንጸባርቀውን አይመልስም። ታክሲ ውስጥም አይዘረጋም፤ የመስኮቱ መስታወት ደግሞ ዩቪኤ ያሳልፋል። ስለዚህ ለጥምቀት፣ ለሰርግና ለረጅም መንገድ ቀን ሰንስክሪኑንም እቀባለሁ። እንዲህ ሲሆን አንድ ቱቦ ወራት ይዘልቃል። ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትሠሩ ግን ሁለቱንም ግዙ፣ በእኔ አትፍረዱ።

ሎሚ ፊታችሁን ቀብታችሁ ፀሐይ አትውጡ፤ እሱ ራሱ ያቃጥላል። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ መድኃኒት ጀምራችሁ ከሆነ የወጣባችሁ፣ ላዘዘላችሁ ሰው ንገሩ። ሽፍታው አፍንጫን ይዞ ሁለቱን ጉንጭ ካለበሰ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ካለበት ደግሞ ጃንጥላም ሰንስክሪንም መግዛቱ ይቆይ። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ሒሳቤ ውስጥ አንድ የደበቅሁት አለ። ከዚህኛው በፊት የነበረውን ረጅም ጃንጥላ በገዛሁት በ11ኛው ቀን ሚኒባስ ውስጥ ረሳሁት። 700 ብር ለ11 ቀን፣ በቀን 63 ብር ከምናምን። ከሰንስክሪኑ የቀረው ሁለት ብር አይሞላም።