«20 ሊትር» የሚባለውን የሳይክል ቦርሳ ሳትለኩ አትግዙ

በሳይክል ረጅም መንገድ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቦርሳ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ቴሌግራም ላይ «20 ሊትር፣ ዋተርፕሩፍ፣ ኦሪጅናል» እየተባለ የሚሸጥ፣ ከመቀመጫው ኋላ የሚታሰር ትልቅ ቦርሳ አለ። ጓደኛዬ ገዝቶት በደንብ አይቼዋለሁ። 20 ሊትር አይይዝም፤ ውሃም ያስገባል።

መጠኑን ማጣራት ቀላል ነው። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ አባዙ፤ ለ1000 አካፍሉ። የጓደኛዬ ቦርሳ 40 በ18 በ14 ነው። አሥር ሊትር ማለት ነው። ወደ መቀመጫው ሲጠጋ ስለሚጠብ ያንንም አይሞላም።

የውሃው ነገር ይብሳል። ጨርቁ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፤ ሻጩ በቪዲዮ ውሃ እያፈሰሰ የሚያሳየውም ጨርቁን ነው። ዝናቡ የሚገባው በስፌቱ፣ መርፌ በበሳው ቀዳዳ ነው። ቦርሳውን ገልብጡና ስፌቱን ከውስጥ እዩ። ማሸጊያ ካልተለጠፈበት ዋተርፕሩፍ አይደለም። ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) ውሃ ይጨመቅ ነበር፤ በዚያ ብርድ!

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማሰሪያው ነው። ቀጭን ነው፣ መቆለፊያውም ፕላስቲክ። ዕቃ ሲሞላ ቦርሳው ከኋላ ይወርዳል፣ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ በመጨረሻ ጎማውን ይነካል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ማሰሪያው ተፈቶ ጎማ ውስጥ ቢገባስ? በሕይወት መጫወት ነው። ስለዚህ ዕቃ ሞልታችሁ፣ ሳይክሉ ላይ አስራችሁ፣ ነድታችሁ ሞክሩት። ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ መቀመጫችሁ ዝቅ ስለሚል ከጎማው ጋር ያለው ክፍተት ትንሽ ነው። ለእናንተ የኋላ መጫኛ ላይ የሚታሰር ይሻላል።

ጥሩ ትልቅ ቦርሳ የለም ማለቴ አይደለም። የእንግሊዙ ካራዳይስ ኩባንያ ከጥጥ ሸራ የሚሠራው ካምፐር ሎንግፍላፕ የተባለው ቦርሳ 24 ሊትር ይይዛል። እሱም ግን መቀመጫው ከኋላ የማሰሪያ ቀለበት እንዲኖረው ይፈልጋል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከማስቸገራችሁ በፊት መቀመጫችሁን እዩ።

ሻጩ «የተጠቀምክበት ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጓደኛዬን ብሎክ አድርጎታል። ደረሰኝም አልሰጠውም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃው ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ምን ይዞ ይክሰስ? ቀብድ አትላኩ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ዕቃውን በአካል እዩ፤ ደረሰኝ አልሰጥም ካላችሁ ትታችሁት ውጡ።