የቻይናዋ የሸክላ ከተማ ዪሺንግ ወርዳችሁ «ግጥም በእጅ የተቀረጸበት» የሻይ ጀበና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ተጠንቀቁ!

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ናንጂንግም ሻንጋይም ያላችሁ ወገኖች፣ ለመምህር ወይም ለአለቃ ስጦታ ፍለጋ ሸክላ ሠሪዎቹ ወዳሉበት የዪሺንግ ሰፈር ዲንግሹ የምትሄዱ ሁሉ አንብቡት። ሻጩን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። «ግቡ፣ ሻይ ጠጡ፣ መግዛት ግዴታ የለም» የሚለው፣ ባለማዕረግ ሸክላ ሠሪ አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ የሰቀለው፣ ትንሽ ካጫወታችሁ በኋላ ከቁም ሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ጀበና የሚያወጣው ሰውዬ። ሸክላው እንደሆነ ሁልጊዜ የከበረው ጭቃ ይቆፈርበት ከነበረው ከሁዋንግሎንግ ተራራ ነው፣ ማዕድኑ ሳይዘጋ አባቱ ያከማቹት።

ገንዘቡ የእኔ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አያንገበግበኝም ነበር። ጡረታ ለሚወጡት አማካሪያችን ሐበሾቹ ተማሪዎች ተሰብስበን ያዋጣነው ነው። በበዓል ቀን ቤታቸው ጠርተው የሚያበሉን ሰው ናቸው፣ የብሩሽ ጽሕፈት ነፍሳቸው ነው። ስለዚህ ግጥም ያለበት ጀበና እንዲሆን ተስማማን። የዚህ ዓይነቱ ጀበና ዋጋው ለምን እንደሚወደድ ማወቅ አለባችሁ። ከ200 ዓመት በፊት ቼን ማንሼንግ የሚባል ባለሥልጣንና የጽሕፈት ሰው ከሸክላ ሠሪው ከያንግ ፐንግኒያን ጋር ሲሠራ፣ አንዱ ጭቃውን ያበጃል፣ ሌላው ጽሑፉን ይሰጣል፣ ጭቃው ሳይደርቅ በቢላዋ ይቀረጻል። የምትከፍሉት ለዚያ እጅ ነው።

ያሳየኝ ጀበና ላይ የታንግ ዘመኑ የዋንግ ቻንግሊንግ የስንብት ግጥም ነበረበት፦ ሎያንግ ያሉ ወዳጆቼ ከጠየቁህ፣ ልቤ ጄድ በሚሉት የከበረ ድንጋይ ማሰሮ ውስጥ እንዳለ በረዶ ንጹሕ ነው በላቸው የሚለው። ለሚሸኝ መምህር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ሻጩ ጣቴን ይዞ «ልብ» በሚለው ፊደል የቀኝ ነጥብ ላይ አሳረፈው። ቢላዋው ሸርተት ብሎ የፀጉር ያህል ቀጭን ጭረት ትቷል። «እጅ ነው የሚስተው፣ ማሽን እንዲህ አያደርግም» አለኝ። 2,600 ዩዋን በዊቻት ከፈልኩ።

ሊያሽጉልኝ ሲሉ የሣጥኑ መቆለፊያ ተሰበረ። ሱቁ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ሌላ ሣጥን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ካርቶን ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ውስጡ ጀበና ነው። አንዱን አነሣሁ፣ ያው ግጥም። ነጥቡን አየሁ፣ ያው ጭረት። ሌላ አወጣሁ፣ እሱም ያው። ከገዛሁት ጋር ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ሦስቱም ላይ ጭረቱ ከነጥቡ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርድና እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። በእጅ ለመሠራቱ ማስረጃ ብሎ የሸጠልኝ ስሕተት ራሱ በማሽን የታተመ ነበር!

ልጅቷ ደንግጣ ሻጩን አየችው። እሱ ሻይ እየቀዳ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ላኦዋይ (የውጭ አገር ሰው) ናት፣ ምን ይገባታል» አላት በቻይንኛ። ትምህርቴን በሙሉ በዚሁ ቋንቋ ነው የምማረው። በቋንቋው ስመልስለት እንኳ አላፈረም፣ ሳቀ። ገንዘቤን መልስልኝ ስለው «ከተከፈለ አለቀ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ልጅቷ ጀበናዎቹን ከእጄ ተቀበለችና እኔ የነካሁትን ቦታ በጨርቅ ወለወለችው። ገንዘቡ ተመልሶ ይገኝ ይሆናል፣ ይህችን ግን አልረሳትም።

ቤት ስደርስ ውስጡን በስልክ መብራት አየሁት። ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚሠራው ጭቃው በእንጨት መዶሻ ተጠፍጥፎ፣ ተጠቅልሎ የሚገጠም ስለሆነ ውስጡ የመገጣጠሚያው ምልክት ይታይበታል። የኛው ግን ፈሳሽ ጭቃ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ነው፣ ልሙጥ። የፈላ ውኃ ስጨምርበት ደግሞ ይሸታል። በ2010 የቻይናው ማዕከላዊ ቴሌቪዥን ዪሺንግ ውስጥ ተራ ጭቃ የኬሚካል ቀለም እየተቀላቀለበት የከበረ ሸክላ ተብሎ እንደሚሸጥ አጋልጧል። መምህራችን በዚህ ሻይ እንዲጠጡ አላደርግም።

ወደ ሸማቾች ቅሬታ መቀበያው ስልክ 12315 ደውዬ ቅሬታ አስገብቻለሁ። ሕጉ አታላይ ነጋዴ ዋጋውን መልሶ በላዩ ላይ ሦስት እጥፍ እንዲክስ ያዛል። ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ የኔ ደረሰኝ ደግሞ «የሻይ ጀበና፣ 1» ብቻ ነው የሚለው። እናንተ ፋፒያኦ (ሕጋዊውን የግብር ደረሰኝ) ሳትቀበሉ አትክፈሉ፣ «ሙሉ በእጅ የተሠራ» የሚለውም እላዩ ላይ ይጻፍ። አልጽፍም ካለ ጥላችሁ ውጡ። በቅርጽ ማውጫ ታግዞ በእጅ የሚጨረስ ርካሽ ጀበና አለ፣ በግልጽ እንደዚያ ብሎ የሚሸጥ ሰው ጥፋት የለበትም።

ከዚያ አካባቢ ይኸው ግጥም ያለበትን የገዛችሁ ካላችሁ የቀኙን ነጥብ እዩና ፎቶውን ላኩልኝ፣ ከቅሬታዬ ጋር አያይዘዋለሁ።