የተበጠበጠ የሆርሞን መርፌ፦ በተራው ውሃ ወይስ ማቆያ ባለበት?

በዱቄት መልክ የሚመጡ የሆርሞን መርፌዎች ደረቅ ሳሉ ብዙም አያስቸግሩም። ጣጣው የሚጀምረው ከተበጠበጡ በኋላ ነው፤ ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው መበጥበጫው፣ ማለትም ዱቄቱ የሚሟሟበት ውሃ፣ ነው።

ተራው የመርፌ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ግን ባክቴሪያ የሚገታ ነገር የለበትም። መርፌ የብልቃጡን ላስቲክ በወጋ ቁጥር ጀርም ሊገባ ይችላል፣ ከገባም የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተረፈው፣ ውድም ቢሆን፣ ይደፋል።

ሁለተኛው ማቆያ፣ ማለትም 0.9 በመቶ ቤንዚል አልኮል፣ ያለበት ውሃ ነው። ባክቴሪያ እንዳይራባ ስለሚገታ ከአንድ ብልቃጥ ደጋግሞ ለመውሰድ ያስችላል። በመድኃኒቶቹ መመሪያ መሠረት የዕድገት ሆርሞኑ ሂውማትሮፕ በዚህ ሲበጠበጥ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 14 ቀን፣ በተራው ውሃ ግን ቢበዛ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ኤችሲጂ የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን ያለበት ኖቫሬል ደግሞ ማቆያ ባለበት ውሃ 30 ቀን ይሄዳል። በየቀኑ ለሚወጋ ሰው ምርጫው ግልጽ ይመስለኛል። ለአራስ ሕፃንና ቤንዚል አልኮል ለማይስማማው ግን ተራው ይሻላል። መበጥበጫውን በራስ ፈቃድ መቀየርም አይገባም፤ ፋርማሲስት ይጠየቅ።

ፍሪጁ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ መሃል መደርደሪያ ላይ። ማቆያው ከጀርም እንጂ ከበረዶ አያድንም፤ ሆርሞኑ ፕሮቲን ስለሆነ በረዶ ሲሠራ ይበላሻል፣ ስለዚህ በረዶ የሠራ ብልቃጥ ቢቀልጥም ይጣላል። ሲበጠበጥም አይናጥም፣ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። የተበጠበጠበት ቀን ወዲያው ብልቃጡ ላይ ይጻፍ፤ ደመናማ ከሆነ ቀኑ ባይደርስም አይወጋም።